ከሻጋታው ጭረቱ ይሻላል

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የልጅ ልጄ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለው አልጋ ስር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎትቶ መበርበር ጀመረ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ያላየው ነገር አያስተኛውም። ትንሽ ቆይቶ አንድ በፎጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዞ ወደ እኔ መጣ።

"እማዬ፣ ይሄ የአያቴ ካሜራ ነው? ይሠራል?"

"እንዴት አይሠራም! አያትህ ካረፈ ወዲህ ማን ነክቶት" አልኩት በኩራት። ባለቤቴን ካጣሁት ስድስት ዓመት አልፎኛል። ካሜራውን አቧራ እንዳይገባው ብዬ፣ ከነቆዳ ማኅደሩ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በላዩም ፌስታል አስሬ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ።

ልጁ ፌስታሉን ፈታ፣ ፎጣውን ገለጠ፣ የሌንሱን ክዳን አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። ዝም አለ። ተቀብዬ ሳየው መስታወቱ ውስጥ ነጭ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነገር አለ። በነርስነት ባሳለፍኩባቸው ዓመታት ብዙ ዓይን መርምሬያለሁና ወዲያው ትዝ ያለኝ ሞራ የጋረደው ዓይን ነው። ለመጠበቅ ብዬ ያፈንኩት እኔ መሆኔ ግን የገባኝ ቆይቶ ነው።

ውድ አንባብያን፣ የአሮጌ ካሜራ ሌንስ ፍለጋ የወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። በመንገዴ ገንዘብም አጥፍቻለሁ፣ ትምህርትም አግኝቻለሁ። ዛሬ ብዙ ወጣቶች የአያቶቻቸውን የፊልም ካሜራ እያወጡ እያየሁ ስለሆነ፣ የኔ ስህተት ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ልጻፈው።

ካሜራው

ባለቤቴ መምህር ነበር። ካሜራውን በ1974 ዓ.ም. ትምህርቱን በሶቭየት ኅብረት ጨርሶ ከተመለሰ ጓደኛው ላይ በሦስት ወር ክፍያ ገዛው። ዜኒት ኢ ይባላል። ሞስኮ አጠገብ ባለችው በክራስኖጎርስክ ከተማ ይሠራ የነበረ የብረት ካሜራ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ባትሪ የሚባል ነገር አይፈልግም፤ የብርሃን መለኪያው ራሱ ከብርሃን ኃይል ያገኛል። ልጆቼ ክርስትና ሲነሱ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ሲመረቁ ያነሳቸው ይህ ካሜራ ነው። እናቴ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ ያለን የእሷ ፎቶ አንድ ብቻ ሲሆን እሱንም ያነሳው ይኸው ካሜራ ነው።

ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው። ትኩረቱ 58 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ንድፉ የጀርመኑን የካርል ዛይስ ኩባንያ ባዮታር የተባለ ሌንስ የተከተለ ነው። በውስጡ ስድስት መስታወቶች አሉት። ደግነቱ ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚታሰረው እንደ ብሎን ተሽከርክሮ ነው። የአፉ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ልክ የተሠራ ሌላ ሌንስ ሁሉ ይገጥምለታል። ካሜራው ራሱ ቀጭ ቀጭ እያለ ይሠራል። ስለዚህ ሌንስ ብቻ ብናገኝ የአያቱ ካሜራ ይነሳል ማለት ነው። ልጁ በደስታ ዘለለ፤ እኔም በማግሥቱ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መርካቶ ወረድኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት መካከል አንዱ ወጣት ልክ የኛን የመሰለ ሌንስ አወጣልኝ። ብረቱ ያብረቀርቃል፤ ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ ቆንጆ ክዳንም አለው። "ማዘር፣ ይሄ አዲስ በሉት። ሰው አልነካውም" አለኝ። ስድስት ሺህ ብሎ ጀምሮ በአራት ሺህ አምስት መቶ ተስማማን። መስታወቱን በመሐረቤ ጠረግ አድርጌ ፊት ለፊት አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ከፈልኩና እየተደሰትኩ ተመለስኩ።

ማታ የልጅ ልጄ የስልኩን መብራት ከኋላ አበራበት። ያው የሸረሪት ድር! በማግሥቱ ስመልሰው ሻጩ "አይተው ነው የገዙት፣ ማዘር" አለኝ። ብከፋም ሐሰት አላለም። አላየሁም እንጂ እንዳይ አልከለከለኝም። የበሽተኛን ዓይን በባትሪ ሳላይ ጤነኛ ነው ብዬ የማላውቅ ሴት፣ አራት ሺህ አምስት መቶ ብሬን ግን በመሐረብ ጠርጌ ሰጠሁ።

ሁለቱን ሌንሶች ይዤ ወደ አንድ የካሜራ ጠጋኝ ሄድኩ። ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ዕድሜያቸው ከኔ ከፍ የሚል ሰው ናቸው። ጎረቤቶቻቸው "ሲስተር" ሲሉኝ ሰምተው ኖሮ፣ ሁሉን ነገር ስነግራቸው ፈገግ አሉ። "ሲስተር፣ እርስዎ የታማሚ ዓይን ሲመረምሩ ቅንድቡን ነው እንዴ የሚያዩት?" አሉኝ። ከመሳቅ በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ትንሿን ባትሪያቸውን አብርተው እያንዳንዱን ነገር አሳዩኝ። "ይሄ ክር ክር የሚለው ሻጋታ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ጨለማ፣ እርጥበትና የታፈነ አየር ሲያገኝ ያድጋል። ገና ሲጀምር ቢገኝ ሌንሱ ተፈትቶ ይታጠባል። ሲቆይ ግን የሚያመነጨው አሲድ መስታወቱ ላይ ያለውን ስስ ቅብ ይበላዋል። ሻጋታውን ባጠፋው እንኳ ጠባሳውን አላጠፋውም።"

"የት ነበር የተቀመጠው?" ሲሉ የባለቤቴን ሌንስ አንስተው ጠየቁኝ። ፎጣውን፣ ፌስታሉን፣ አልጋ ስር መሆኑን ነገርኳቸው። ምንም አላሉኝም። ማለትም አላስፈለጋቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ እናቶችን "መስኮት ክፈቱ፣ ቤታችሁን አናፍሱ" እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ ስድስት ክረምት ሙሉ የባለቤቴን ካሜራ ከነእርጥበቱ አፍኜ አስቀምጫለሁ። ፌስታሉ አቧራ ከለከለ፤ ማኅደሩና ፎጣው የያዙትን እርጥበት ግን እንዳይወጣ ቆለፈበት።

ጉድለት ሁሉ አንድ አይደለም

ጠጋኙ ከመሳቢያቸው ሌላ ሄሊዮስ አወጡ። ገና ሳልጠይቃቸው "ይሄኛው እንከን አለው" ብለው ጀመሩ። "የፊቱ መስታወት ላይ ሁለት ጭረት አለ፤ ጠርዙም ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ስባሪ አለች። ቀለበቱም ትንሽ ይከብዳል። ውስጡ ግን ንጹሕ ነው።"

በመጀመሪያ ልቤ አልተቀበለውም። ገንዘብ ከፍሎ የተጫረ መግዛት ምን ይባላል? እሳቸው ግን መነጽሬን እንዳወልቅ ጠየቁኝና በመብራት አዩት። "እዚህ ላይ ሦስት ጭረት አለ። ጋዜጣ ሲያነቡ ይታይዎታል?" አሉኝ። ለካስ መነጽሬ ከተጫረ ሁለት ዓመት ሆኖታል! ዓይን ሩቁን ሲያይ አፍንጫው ሥር ያለው ጭረት እንደማይታየው ሁሉ፣ ሌንሱም ፊቱ ላይ ያለውን ቀጭን ጭረት ፎቶው ላይ አያሳየውም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ግን ብርሃኑን ይበትነውና ፎቶውን ያደበዝዘዋል። የኋላው መስታወት ሲጫር የበለጠ ይጎዳል፤ ለፊልሙ ቅርብ ነውና።

በዚያች ሰዓት የተማርኩትን እንደ ምርመራ ቅደም ተከተል አድርጌ ላስቀምጥላችሁ።

በመጀመሪያ ታሪኩን ጠይቁ። እኛ ለታማሚ ከመዳሰሳችን በፊት የምናደርገው ይህንኑ ነው። የት ተቀምጦ ነበር? ለምን ያህል ጊዜ? ተፈትቶ ያውቃል? የብሎኖቹ ጥርስ ተፋፍቆ ካያችሁ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። በነዚህ የክራስኖጎርስክ ሌንሶች ላይ የመለያው ቁጥር የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ይነግሯችኋል። የኛው በ78 ይጀምራል፤ በፈረንጆቹ 1978 የተሠራ ነው።

ቀጥሎ ባትሪ አብሩበት። ከኋላ አብርታችሁ ከፊት ዘንበል እያደረጋችሁ እዩ። ጥቂት አቧራ አያስጨንቃችሁ፤ በአሮጌ ሌንስ ውስጥ አቧራ የማይታጣ ነገር ነው፤ ፎቶም አያበላሽም። ክርና ቅርንጫፍ ያለው ግን ሻጋታ ነው። መስታወቱ በሙሉ ሰው የተነፈሰበት መስሎ ጭጋግ ከለበሰና ሲጠርጉት ካልለቀቀ ጭጋጉ ውስጥ ነው፤ ፎቶው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። በጠርዙ በኩል ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ነዳጅ የቀስተ ደመና ቀለም ከታየ ደግሞ ሁለት መስታወቶችን ያጣበቀው ሙጫ እየለቀቀ ነው። እሱን ማስጠገን ከሌንሱ ዋጋ ይበልጣል።

ከዚያ ብሌኑን ፈትሹ። በሌንሱ መካከል እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብና የሚሰፋ የቀጫጭን ብረት ክብ አለ። ቀለበቱን ስታዞሩት ሳይንገዳገድ መክፈትና መዝጋት አለበት። ብረቶቹ ላይ ቅባት ካለ ጠይቁ። በኛ ሌንስ ብሌኑ የሚዘጋው በእጅ ስለሆነ ትንሽ ቅባት ጉዳት የለውም፤ ፎቶ ሲነሳ በራሱ በሚዘጋ ሌንስ ላይ ግን ቅባቱ ያዘገየዋል፤ ፎቶውም ከሚፈለገው በላይ ብርሃን ይገባበታል።

በመጨረሻ የማስተካከያውን ቀለበት ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። ቢከብድ ግራሶው ደርቋል፤ ያ ይጠገናል። ሲያዞሩት የሚንቋቋ ወይም መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ተዉት።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። አንዳንድ ጉድለት ባለበት ይቆማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያድጋል። በዓይኑ ዳር አሮጌ ጠባሳ ይዞ ዕድሜ ልኩን አጥርቶ የሚያይ ሰው አለ። ሞራ ግን ቀስ እያለ ይጨምራል። የቆመውን ጉድለት በዋጋ ተከራክራችሁ ግዙ፤ የሚያድገውን በነጻ ቢሰጧችሁም ከሌሎች ዕቃዎቻችሁ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አታስገቡት።

የተጫረውን ሌንስ በሦስት ሺህ ብር ገዛሁት። ጠጋኙ በመርፌ ጫፍ ጥቁር ቀለም ነክረው ስባሪዋን ቀቡልኝ፤ በብርሃን እንዳታብረቀርቅ ነው። ቁስል ሸፍኖ እንደመላክ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ማገናኛ ቀለበት አድርገው ሌንሱን በዲጂታል ካሜራቸው ላይ ገጠሙና እኔኑ አንስተው አሳዩኝ። ጭረቱን በፎቶው ላይ ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። የፊቴን መጨማደድ ግን አንዱንም አልሳተም!

አሁን

ፊልም እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ልጄ በመንገደኛ ሁለት ጥቁርና ነጭ ፊልም ላከችልን። አንዱ 36 ፎቶ ያነሳል። የልጅ ልጄ በስልኩ መቶ ጊዜ ቀጭ የሚያደርግ ልጅ፣ ለአንዲት ፎቶ አምስት ደቂቃ ሲያስብ አየሁት። ጠጋኙ በመድኃኒት ሲያጥቡለት አብሬው ሄድኩ። ሽታው ሥራ ስጀምር የነበረውን የራጅ ክፍል አስታወሰኝ፤ ያኔ የራጅ ፊልም በጨለማ ክፍል ውስጥ በእጅ ነበር የሚታጠበው።

ከ36ቱ አሥራ አንዱ ተበላሽተዋል፤ ልጁ ገና ይማራል። በአንደኛው እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ገብታ ግማሹን ነጭ አድርጋዋለች። "እማዬ፣ ይሄ የጭረቱ ሥራ ነው" አለኝ እያፈረ። እኔ ግን ከእናቴ ፎቶ ጎን አስቀምጬዋለሁ።

ካሜራው አሁን ከአልጋ ስር ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ነው። ዝናብ ሲበዛ ብቻ ክዳን ባለው ዕቃ እናስገባውና በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች እንጨምርበታለን። እነሱንም ከሕፃናት እጅ እናርቃለን። ፀሐይ ስትወጣ መልሰን እናወጣዋለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየሳምንቱ እጅ ይነካዋል።

የባለቤቴን ሌንስ አልጣልኩትም። ለብቻው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ ደግሞ የቆርቆሮ ሳጥኑን እንደገና ከፈትኩት። ደብዳቤዎቹ፣ የተማሪዎቹ ጉርድ ፎቶዎች፣ የክት ኮቱ ከነፌስታላቸው አሉ። "ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ" የሚለውን ስንቱን ሳስተምርበት ኖሬያለሁ። ፌስታሎቹን ሁሉ ፈታሁ፤ ኮቱን አየር እንዲያገኝ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። የልጅ ልጄ ለክቶት ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፋው። ለመስከረም ልክ ይሆነዋል ብያለሁ።

ቸር ይግጠመን።