ያውቁ ኖሯል? በጀት ያፈረሰው መንግሥት፣ አውስትራሊያ 1975

(ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ያውቁ ኖሯል? በአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት ውስጥ «ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚል ቃል የለም። አገር የሚመራው ሰው ሥልጣን በልማድ ብቻ የጸና ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሴኔቱ የመንግሥትን የዓመት ሥራ ማስኬጃ በጀት ማሻሻል አይችልም፤ ማገድ ግን ይችላል። በማልኮልም ፍሬዘር የሚመሩት ተቃዋሚዎች ኦክቶበር 16 ቀን 1975 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ምርጫ ካልተጠራ በጀቱ አያልፍም አሉ።

ያውቁ ኖሯል? ለዚህ ያበቃቸው የአንድ ሰው ሞት ነው። የገዢው ሌበር ፓርቲ ሴናተር በርቲ ሚሊነር ሲያርፉ፣ የኩዊንስላንድ መሪ ፓርቲው ባቀረበው ሰው ፈንታ የጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላምን ነቃፊ ሾሙ። የሟችን ወንበር በዚህ መልክ መውሰድ፣ ሕግ ባይከለክለውም፣ የመራጭን ድምፅ መንጠቅ ነበር። በ1977 ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ ተተኪው ከዚያው ፓርቲ እንዲሆን አደረገ።

ያውቁ ኖሯል? በአውስትራሊያ የእንግሊዟ ንግሥት እንደራሴ የነበሩት ሰር ጆን ከር የተሾሙት በራሳቸው በዊትላም አቅራቢነት ነው። ኖቬምበር 11 ቀን ዊትላም የግማሽ ሴኔት ምርጫ ለመጠየቅ ደብዳቤ ይዘው ወደ እንደራሴው መኖሪያ ሄዱ። የጠበቃቸው ግን የስንብት ደብዳቤ ነበር። በዚያች ሰዓት ፍሬዘር እዚያው ቤት፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ወዲያውም ከር በዊትላም ምትክ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው።

ዊትላም ወደ ቤታቸው ተመልሰው ምሳ በሉ፤ በሴኔት ላሉት ባልደረቦቻቸው ግን የሆነውን አልነገሩም። እነርሱም ሳያውቁ በጀቱ ከሰዓት በኋላ እንዲያልፍ አገዙ። ፍሬዘር የፈለጉትን ገንዘብ አገኙ። የታችኛው ምክር ቤት በፍሬዘር ላይ በ64 ለ54 ድምፅ እምነት ቢያጣም፣ አፈ ጉባኤው ውሳኔውን ለከር ለማድረስ ደጅ ሲጠኑ ፓርላማው ተበተነ። የመበተኛው አዋጅ ከቀኑ 10፡45 ሰዓት በፓርላማው ደረጃ ላይ ተነበበ።

ያውቁ ኖሯል? ዲሴምበር 13 ቀን በተካሄደው ምርጫ ፍሬዘር ከ127 መቀመጫዎች 91ዱን ወሰዱ። ሕዝቡ በኑሮ ውድነትና በመንግሥት ቅሌቶች የተማረረበትን የዊትላምን አስተዳደር አሰናበተ። ያልተመረጠ ሹም የተመረጠን መሪ ማባረር ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። በእኔ እምነት ትልቁ ጉድለት እሱ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከርና የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ለሕዝብ የተገለጡት በፍርድ ቤት ሙግት፣ በ2020 ነው። ሴኔቱ በጀት የማገድ ሥልጣኑ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዳለ ነው።