አንድ ቁጥር ሰጪ ለሁለት ኮንቴይነር

እስቲ በሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ በሐሳባችሁ ሣሉ። ለታካሚዎች የካርድ ቁጥር የሚሰጠው በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች 1205 የሚል ካርድ ቢደርሳቸውስ? የአንዱ የላብራቶሪ ውጤት በሌላው ካርድ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ምሳሌው የፈጠራ ነው፤ ስህተቱ የሚመጣበት መንገድ ግን እውነተኛ ነው።

በትልልቅ የጃቫ ፕሮግራሞች አንድ ክፍል የሚፈልገውን አገልግሎት ራሱ አይሠራም፤ ተሠርቶ ይቀርብለታል። ይሄ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ2004 ያስተዋወቀው ማርቲን ፋውለር ነው። አገልግሎቱን ሠርቶ የሚያቀብለው ደግሞ ኮንቴይነር ይባላል። አንዱ ስፕሪንግ ነው፤ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የተሠራው በጃቫና በስፕሪንግ ነው። ሌላው ከጎግል የወጣው ጁስ ነው፤ አዎ፣ አጠራሩ እንደ አቮካዶ ጁስ ነው።

አሁን የካርድ ክፍሉ በስፕሪንግ፣ በኋላ የተጨመረው የድንገተኛ ክፍል በጁስ ተሠርቷል እንበል። ሁለቱም ቁጥር ሰጪውን ይፈልጋሉ። «ሲንግልተን ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስለዚህ አንድ ብቻ ነው» ትሉ ይሆናል። ሲንግልተን ማለት ግን በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ አንድ ማለት ነው እንጂ በመላው ፕሮግራም አንድ ማለት አይደለም። ሁለት ኮንቴይነር ካለ፣ ሁለት ቁጥር ሰጪ ይፈጠራል። ሁለቱም ጠዋት ሲነሡ የመጨረሻውን ቁጥር፣ 1204ን፣ ከዳታቤዝ ያነባሉ፤ ከዚያ በየፊናቸው ይቆጥራሉ። «ሁለት ባላ ትከል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? ባለቤቱ አንድ ይሁን። ስፕሪንግ ቁጥር ሰጪውን ይሥራ፤ ለጁስ ደግሞ ፕሮቫይደር ጻፉለት። መልእክቱ ይህ ነው፦ «ቁጥር ሰጪ ስትጠየቅ አዲስ አትሥራ፤ ከስፕሪንግ ያንኑ አምጣ።» ይህን ድልድይ የሚሠራ ዝግጁ ላይብረሪም ከስፕሪንግ በኩል አለ። ሁለት ነገር አትርሱ፦ መጀመሪያ ስፕሪንግ ይነሣ፤ ፕሮግራሙ ሲቆም አገልግሎቱን የሚዘጋውም ባለቤቱ ብቻ ይሁን።

መፈተሻው ቀላል ነው። ቁጥር ሰጪውን ከሁለቱም ኮንቴይነሮች ተቀብላችሁ በድርብ የእኩል ምልክት አወዳድሩ። መልሱ «ሐሰት» ከሆነ፣ ሁለት ናቸው። ፕሮግራሙ በሁለት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ይህ ድልድይ አይበቃም፤ ያኔ ቁጥሩን ራሱ ዳታቤዙ ይስጥ።