የልብ ቀዶ ሕክምና ደም ቁጠባ ከሳቢያን ይጀምራል

ድሬዳዋ ካሉት ከሳቢያን ወይም ከድል ጮራ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት ለክፍት የልብ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ ሕመምተኛ ስንት ከረጢት የለጋሽ ደም እንደሚወስድ የሚወሰነው በሐኪሙ እጅ ብቻ ይመስላል። የጉዳዩ ግማሽ ግን ከድሬዳዋ ሳይወጣ ያለቀ ነው። ደሙ አንሶ የሄደ ሰው ደም የመውሰድ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ደም ማነስ ደግሞ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። በበርሜልና በታንከር ውኃ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በ2014 ዓ.ም. እዚሁ የወባ ወረርሽኝ አስነስታለች፤ ወባ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስን ይጨርሳል።

በቀዶው ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን ከመነሳቱ በፊት ቱቦዎቹ በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ፈሳሹም ከሕመምተኛው ደም ጋር ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ አካሉ ያለው ደም ከአንድ ሊትር ብዙም ስለማይበልጥ መቅጠኑ ይብስበታል። በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልባቸው ቫልቭ ከተጎዳባቸው ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸውና፣ ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን) በዴሲሊትር 8 ግራም የሆነና 12 የሆነ ልጅ በአንድ ሐኪም፣ በአንድ ማሽን ቢታከሙም የሚያስፈልጋቸው ደም እኩል አይሆንም።

«ይልቅ ደም ባንኩ ይጠናከር» የሚሉ አሉ። ይጠናከር እንጂ! ነገር ግን ቀይ የደም ሕዋስ ተከማችቶ ከ35 እስከ 42 ቀን ቢቆይ ነው፤ የልብ ቀዶ ሕክምና አጥብቆ የሚሻው ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን ገደማ። ከዚያው ደም ባንክ በወሊድ የምትደማ እናትም ትጠብቃለች።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ደም መቆጠቡ ራሱ ሕመምተኛውን ሊጎዳ ይችላል የሚለው ነው፤ ማስረጃም አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሄሞግሎቢናቸው ከ7.5 እስኪወርድ ደም ካልተሰጣቸው ሕመምተኞች በ90 ቀን ውስጥ 4.2 በመቶው ሲሞቱ፣ ከ9 ሲወርድ ከተሰጣቸው የሞቱት 2.6 በመቶ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ19 አገሮች 5,000 ያህል ሰዎች የተካተቱበት ሰፊ ጥናት ግን ቁጠባው ጉዳት እንዳልጨመረ አሳየ፤ ደም የወሰዱትም ከ73 ወደ 52 በመቶ ወርደዋል። ሁለቱም የተጠኑት በአዋቂዎች ላይ ነውና ለልጆቻችን እንዳለ አይገለበጡም። እኔ የምለው ግን የሚያስፈልገውን ሰው ደም እንንሳው አይደለም። እንዳያስፈልገው አድርጎ መላክና መንሳት ለየቅል ናቸው።

ደም ለመቆጠብ ከሚረዱት ውስጥ፣ የፈሰሰውን ደም አጥቦ የሚመልሰው መሣሪያ ውድ ነው፤ ይቆይ። ትራኔክሳሚክ አሲድ ግን ለወሊድ መድማት የሚሰጥ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ በልብ ቀዶ ሕክምናም መድማትን ይቀንሳል። ልቡ የደከመበትና ዛሬ ነገ የማይባል ሕመምተኛ ደም ይሰጠው፤ ክርክር የለውም። ሌላው ግን ለረጅም ጊዜ ወረፋ የሚጠብቅ ነው። እየጠበቀም የጉሮሮ ሕመሙ እንዳያገረሽ ለሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ሳቢያን ይመጣል። በዚያው ቀን ሄሞግሎቢኑ ቢለካ፣ ሰበቡ ወባ ይሁን የብረት እጥረት ወይስ ሆድ ውስጥ ያለ ትል ተለይቶ ቢታከም፣ ውጤቱም ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ቢያያዝ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ ማሽን አይጠይቅም።