የሉቤክ ኦርጋንና የአሶሳ ዋዛ

እንጀራ የጋገረ ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ሊበላው ይችላል፤ ዜማ የሚያሰማ ሰው ግን ጎረቤቱ እንዳይሰማው ቢመኝ እንኳ አይሆንለትም። ሙዚቃ ከጥንት ጀምሮ የማኅበር ሀብት የሆነው ስለዚህ ነው። ዛሬ ለቤተ ሰብ ዓምድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ነገር፥ በአንድ ወገን በሰሜን ጀርመን ባለች የወደብ ከተማ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ስለሚሰማው ኦርጋን፥ በሌላው ወገን በአገራችን ምዕራብ ጠረፍ በአሶሳ ዙሪያ ስለሚነፋው ዋዛ ነው። ሁለቱ በአገርም በሃይማኖትም የተራራቁ ናቸው፤ ዳሩ ግን ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ሰው የአንድ ሕግ ልጆች ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን፥ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረበት፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ኦርጋን ምን እንደ ሆነ እንናገር። በከተሞቻችን በየጸሎት ቤቱና በየሠርግ አዳራሹ ኦርጋን የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። ይህ ግን ስሙን ከታላቁ የወረሰ ታናሽ ነው። ታላቁ ኦርጋን ድምፁን የሚያወጣው በነፋስና በቧንቧ ነው። የብልሐቱ መነሻ በግብፅ እስክንድርያ ሲሆን፥ ከ2200 ዓመት በላይ አስቀድሞ ክቴሲብዮስ የሚባል መሐንዲስ ነፋስን በውሃ ክብደት እየገፋ ቧንቧ የሚያስጮኽ መሣሪያ እንደ ሠራ ታሪክ ይመሰክርለታል። በ757 የቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን ኦርጋን ገጸ በረከት አድርጎ ሰደደለት፤ ከዚያም ወዲህ መሣሪያው በምዕራብ አውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ቀስ በቀስ ተስፋፋ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከበስተ ታች እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ፥ ነገር ግን እጅግ የሚበልጥ ወናፍ አለ። ኤሌክትሪክ ሳይመጣ ይህን ወናፍ በእግራቸው እየረገጡ ነፋስ የሚያጠራቅሙ ሰዎች ነበሩ፤ መቺው ሲመሰገን እነርሱ ከመጋረጃ በስተ ኋላ በላብ ተጠምቀው ይቀሩ ነበር። ነፋሱ በሣጥን ከታቈረ በኋላ፥ መቺው በጣቱ ወይም በእግሩ ቁልፍ ሲጫን የአንዱ ቧንቧ በር ይከፈትና ያ ቧንቧ ይጮኻል። እያንዳንዱ ቧንቧ የሚያውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ የቧንቧው ርዝመት በእኩሌታ ሲያጥር ያው ድምፅ ስምንት ደረጃ ከፍ ብሎ ይሰማል። ከሁሉ የሚረዝሙት እስከ 10 ሜትር የሚጠጉ ሲሆኑ፥ ከሁሉ የሚያንሱት እንደ እርሳስ ያሉ ናቸው። አንድ ቧንቧ ብቻውን ምንም ዜማ የለውም፤ ዜማ የሚሆነው ከጓደኞቹ ጋር በተራው ሲጠራ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በዚያ አገር የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለው። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ ቅሎቹ እየተቈረጡ አንዱ በሌላው እየተሰካ ይቀጠሉና ከአፉ ጠባብ፥ ከጫፉ ሰፊ ይሆናል። አንዱ ዋዛ ብቻውን አይነፋም። አሥር ወይም ከዚያ የሚበልጡ መለከቶች በርዝመት ተበላልጠው አንድ ጓድ ይሆናሉ፤ ከእነርሱም ትልቁ ከሰው ቁመት ጋር የሚወዳደር ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። ተራው ሲደርስ ይነፋታል፤ ተራው ሲያልፍ ዝም ይላል። ከብዙ አፍ በተራ የሚወጡት ነጠላ ድምፆች ተያይዘው ሳይቋረጥ የሚፈስ አንድ ዜማ ይሆናሉ፤ ሕዝቡም በዙሪያው ይዘፍናል፥ ያሸበሽባል። ዋዛ የሚወጣው ለመኸር፥ ለሠርግና ለአደባባይ በዓል ነው።

ይህ ሥርዓት ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም። በነገሥታት አደባባይ ይነፋ የነበረው እምቢልታም እንዲሁ ነው፤ የጣት ቀዳዳ የለውም፥ አንዱ እምቢልታ ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አያወጣም፤ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ካልነፉት ዜማ አይሆንም።

እንግዲህ ኦርጋንና ዋዛ አንድ የሚሆኑበት ነገር ይህ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ አንድ ቧንቧ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። የሚለዩበትም ነገር አለ። በኦርጋን ሺሕ ቧንቧዎች ለአንድ ሰው ጣት ይታዘዛሉ፤ በዋዛ ግን ለእያንዳንዱ ቧንቧ አንድ ሰው ቆሞለታል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዋዛ የተነገረ ይመስላል። የአውሮፓ ሰው ሃምሳውን ሎሚ ለአንድ ሰው ለማሸከም ብልሐት ፈለገ፤ የበርታ ሰው ግን ሎሚውን ለየሰዉ አከፋፈለው።

ሆኖም የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንድ ሰው የሚመታውን ይህን መሣሪያ የብዙ ሰው ሀብት የሚያደርጉበት መንገድ አገኙ። ማርቲን ሉተር ራሱ ክራር መሰል መሣሪያ መምታት የሚያውቅ ሰው ነበርና፥ ምእመናኑ ዝም ብለው የሚሰሙ ብቻ ሳይሆኑ በገዛ ቋንቋቸው የሚዘምሩ እንዲሆኑ ፈለገ። በ1524 የታተመው የመጀመሪያው የሉተራውያን የመዝሙር መጽሐፍ ስምንት መዝሙር ብቻ የያዘ ትንሽ ጥራዝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ኦርጋኑ የሕዝቡን መዝሙር የሚመራ ሆነ፤ ከቅዳሴው ሰዓት ውጭም ለሕዝብ ሁሉ የሚሰማ የሙዚቃ ጉባኤ ተጀመረ።

የዚህ ጉባኤ ዝነኛ ስፍራ በሉቤክ ከተማ ያለችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት። በ17ኛው መቶ ዓመት ፍራንትስ ቱንደር የሚባለው ኦርጋን መቺ ለከተማው ነጋዴዎች ኦርጋን ያሰማ ጀመር። በ1668 በእርሱ ስፍራ የተተካው ዲትሪኽ ቡክስተሁደ ደግሞ ነገሩን አስፋፍቶ፥ ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት በአምስት እሑዶች፥ ከቀትር በኋላ ጸሎት ሲያልቅ ዘማሪዎችንና የመሣሪያ ተጫዋቾችን ሰብስቦ «የምሽት ሙዚቃ» የተባለውን ጉባኤ አቋቋመ። ለመግቢያ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፤ ወጪውን ነጋዴዎቹ በመዋጮ ይሸፍኑት ነበርና ድኻውም ባለጠጋውም እኩል ይሰማ ነበር። ሕዝቡ እጅግ ይበዛ ስለ ነበር ሥርዓት የሚያስከብሩ የከተማ ዘበኞች ማቆም ግድ ሆነ።

በ1705 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ፥ በአርንሽታት ከተማ ኦርጋን መቺ ሳለ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ይህን ለመስማት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሉቤክ ደረሰ፤ ጕዞውንም በእግሩ እንዳደረገው ይነገራል። የቆየውም አራት ሳምንት ሳይሆን አራት ወር ያህል ነበር። በተመለሰም ጊዜ አለቆቹ ስለ መዘግየቱ ወቀሱት፤ መዝሙሩንም ባልተለመደ ድምፅ እያወሳሰበ ሕዝቡን እንደሚያደናግር ነገሩት። ይኸው ወጣት በኋላ ከ1723 እስከ 1750 በላይፕሲግ የመዘምራን አለቃ ሆኖ የሠራውን ሥራ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰው የጀመረው የእሑድ ጉባኤ ሌላውን ሰው እንዴት እንደሚያሳድግ ከዚህ እንማራለን።

ነገር ግን አንባቢዎቻችን በተለይ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው የሚከተለውን ነው። ባኽ በሉቤክ በነበረበት በዚያው በ1705 በታኅሣሥ፥ ቡክስተሁደ ሁለት ታላላቅ ድርሰቶች ለሕዝብ አሰምቶ ነበር፤ አንዱ በሞት ለተለየው ንጉሠ ነገሥት ለሊዮፖልድ ኀዘን፥ ሁለተኛው አልጋውን ለወረሰው ለልጁ ለዮሴፍ ክብር የተደረሰ ነው። የቃሉ መጽሐፍ ታትሞ እስከ ዛሬ አለ፤ ዜማው ግን ጠፍቷል። የምሽት ሙዚቃውም ልማድ በ1810 ተቋረጠ። በ1942 በመጋቢት መጨረሻ ከተማይቱ በአውሮፕላን ቦምብ በተመታች ጊዜ፥ የቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪካውያን ኦርጋኖች ተቃጠሉ፤ ደወሎቹም ከግንቡ ወድቀው ተሰባበሩ። የተሰባበሩት ደወሎች ለመታሰቢያ በወደቁበት ስፍራ ይታያሉ። ከጦርነቱ በኋላ ሕንጻው ታደሰ፤ በ1968ም ከ8000 በላይ ቧንቧ ያለው አዲስ ኦርጋን ቆመለት፤ ሕዝቡም ዳግመኛ ለመስማት ይሰበሰባል። ጀርመኖችም ይህን ጥበብ የሚያስተምሩ የእጅ ባለሙያዎች አሏቸው፤ የኦርጋን ሥራና ሙዚቃ በ2017 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ወረቀት፥ ማተሚያ ቤትና ባለጠጋ ነጋዴ ያላት ከተማ እንኳ ይህን ያህል ከጠፋባት፥ ዜማው በወረቀት ያልተጻፈው ዋዛ እንዴት ይሆናል? የዋዛ መጽሐፉ ሰው ነው። ከአሥሩ ነፊዎች አንዱ ልጅ ሳያስተምር ቢሞት፥ የሚጐድለው ከአሥር አንድ እጅ ብቻ አይደለም፤ በዜማው መካከል ጉድጓድ ይሆናል፥ የቀሩት ዘጠኙም ተራቸውን የሚያውቁበት ምልክት ይጠፋባቸዋል። ቅሉ ቢሰበር ሌላ ቅል ይበቅላል፤ ሰው ግን ሳያወርስ ከሄደ ምትክ የለውም።

አገሩም ያለ ፈተና አልኖረም። የበርታ ሕዝብ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን በሁለቱም ወገን የሚኖር ነው፤ ዋዛም በሁለቱም ወገን ይነፋል። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች በ1997 በሽርቆሌ፥ በ2012 በባምባሲ የስደተኞች ሰፈር ተከፈተ፤ በ2023 የተነሣው የሱዳን ጦርነትም ሌሎች ብዙዎችን በኩርሙክ በኩል አመጣ። በዚሁ ክልል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺ፥ ከዚያም በመተከል በደረሰው ሁከት ብዙ ሺሕ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ አገር ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩና በሃይማኖት የሚለያዩ ጎረቤቶች አንድ ሰዓት ያለ ክርክር አብረው የሚቀመጡበት ስፍራ እንደ ቅንጦት የሚቈጠር አይደለም።

ዜማን ከመጥፋት የማዳን ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ ምዕራብ አገር በወለጋ፥ ዛሬ መካነ ኢየሱስ ተብላ የምትጠራው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን (በማኅበር የተቋቋመችው በ1951 ዓ.ም. ነው) ከቀደሙት አስተማሪዎች መካከል ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ይገኛሉ። ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት የወደቁና በኋላ ነጻ የወጡ ነበሩ። ኦኔሲሞስ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ። አስቴር ጋኖ ደግሞ ከሕዝቡ አፍ የሚነገረውን ዘፈን፥ ተረትና ምሳሌ እያሰባሰበች ጻፈች፤ ከዚያም አንዱ ክፍል በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። ከአገሯና ከዘመዶቿ ተለይታ የነበረች አንዲት ወጣት ሴት ይህን ካደረገች፥ በቤታችን በሰላም የተቀመጥን እኛ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ስለዚህ ለአሶሳና ለሌሎችም አገሮች ቤተ ሰቦች የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። የሉቤክ ሰዎች ያደረጉትን ማድረግ ኦርጋን አይጠይቅም። የታወቀ ቀን፥ የታወቀ ሰዓት፥ ያለ ክፍያ የሚገባበት ስፍራ፥ በመዋጮ የሚሸፈን ጥቂት ወጪ ይበቃል። የትምህርት ቤት ግቢ ወይም የሰፈር ዛፍ ጥላ አዳራሽ ይሆናል። የዋዛ ነፊዎች፥ የመካነ ኢየሱስ መዘምራን፥ የክራርና የማሲንቆ ተጫዋቾች በየተራ ቢቀርቡ፥ አንዱ የሌላውን ሳያቃልል መስማትን ይለምዳል።

በእጅ ስልክ ድምፅ መቅዳት የሚያውቁ ወጣቶችም አንድ ነገር ያስተውሉ። የዋዛን ጓድ በአንድነት መቅዳት ብቻውን አይበቃም፤ ድምፆቹ ተደባልቀው ሲሰሙ የትኛው የማን እንደ ሆነ ለሚመጣው ትውልድ አይታወቅምና። ነፊዎቹን አስፈቅዶ፥ እያንዳንዱን መለከት ለብቻው መቅዳት፥ ርዝመቱን መለካት፥ በተራ ስንተኛ እንደሚገባ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያም ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይከተላል፤ ለአንድ ልጅ አንድ ድምፅ ማስተማር። አንዲት ድምፅ ለመልመድ ብዙ ዘመን አይፈጅም፤ ልጁን የሚያደክመው ተራውን መጠበቅ፥ የጓደኛውንም ድምፅ መስማት ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ይህ ትምህርት ለቤትም ይጠቅማል። በቤተ ሰብ ውስጥ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተናገረ ጩኸት ይሆናል፤ አንዱ ብቻ ከተናገረም ሌሎቹ ደንቆሮ ሆነው ያድጋሉ። ትንሹ ልጅ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በተራው ካልተጠራ የቤቱ ዜማ ጐደሎ ይሆናል።