«ማን ነህ?» ሲባል የሚመልሰው መሣሪያ፦ ፍላሽ፣ ፕሪንተርና ሞባይል ኮምፒዩተር ላይ ሲሰኩ ምን ይከናወናል?

ዴራ፦ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዴራ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማዋ የሚመጣ ሰው እህሉን ሸጦ አስቤዛውን ሸምቶ ሲያበቃ፣ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ የሚልበት ጉዳይ አያጣም። አንዱ ማመልከቻ ያጽፋል፤ ሌላው የልጁን የትምህርት ማስረጃ ያባዛል፤ ሦስተኛው የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ በፍላሽ ይዞ መጥቶ ያሳትማል። ፍላሹ ሲሰካ ኮምፒዩተሩ አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ወዲያው ወረቀቱ ይወጣል።

አንዳንድ ቀን ግን ድምፁ ይሰማና ወረቀቱ አይወጣም። «ፕሪንተሩን አላወቀውም» ይባላል፤ ባለጉዳዩም ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በአጨዳ ወቅት ለመጣ ገበሬ ይህ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ የመኪና ሒሳብና አንድ የባከነ የሥራ ቀን ማለት ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ መሣሪያው ያለ ችግር «ታውቆ» ሳለ በፍላሹ ውስጥ የነበረው የማኅበሩ ሰነድ ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። የሁለቱም ችግር ምንጭ አንድ ቦታ ይገናኛል። ኮምፒዩተር አዲስ መሣሪያ ሲሰካበት የሚያምነው መሣሪያው ስለ ራሱ በሚናገረው ቃል ነው።

ሲሰካ የሚቀርበው ጥያቄ

ዩኤስቢ የሚባለው መሰኪያ በሰባት ኩባንያዎች ትብብር ተዘጋጅቶ የመጀመሪያ ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። ከዚያ በፊት ኪቦርዱ፣ ማውሱና ፕሪንተሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅርጽ ያለው መሰኪያ ነበራቸው፤ አዲስ መሣሪያ ለመጨመርም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሳት የተለመደ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም አጀማመሩ እንከን አላጣውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1998) ቢል ጌትስ ዊንዶውስ 98ን በአደባባይ ሲያስተዋውቁ፣ ረዳታቸው አንድ ስካነር በዩኤስቢ ሰካ፤ ኮምፒዩተሩም በተመልካች ፊት ሰማያዊ የስሕተት ገጽ አሳይቶ ቆመ።

በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ መረጃ ያስተላልፋሉ። መሣሪያው ሲሰካ በመጀመሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያገኛል። ቀጥሎ «መጥቻለሁ» የሚል ምልክት በመረጃው ሽቦ ይልካል። ኮምፒዩተሩም ጊዜያዊ አድራሻ ሰጥቶ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

መልሱ 18 ባይት ብቻ የሆነች አጭር መግለጫ ናት። በውስጧ የአምራቹ ቁጥርና የምርቱ ቁጥር ይገኛሉ፤ የመሣሪያው የሥራ መደብም በእርሷ ወይም ተከትሏት በሚላከው ዝርዝር ውስጥ ይገለጻል። መሣሪያው ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግም አብሮ ያስታውቃል። በሁለተኛው የዩኤስቢ ደረጃ መሠረት እስኪፈቀድለት ድረስ ከ100 ሚሊ አምፒር በላይ መውሰድ የለበትም፤ ሲፈቀድለት እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ጥያቄና መልስ ድምፁ ተሰምቶ እስኪያበቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

ድራይቨር የሚባለው አስተርጓሚ

ኮምፒዩተሩ የእንግዳውን ማንነት ከሰማ በኋላ አስተርጓሚ ይፈልጋል። በዴራ ገበያ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሻጭና አማርኛ ብቻ የሚናገር ገዢ ቢገናኙ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መካከላቸው ይቆማል። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ሥራው ይኸው ነው፤ የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ መሣሪያው በሚገባው ቋንቋ፣ የመሣሪያውን መልስም ኮምፒዩተሩ በሚገባው ቋንቋ ያደርሳል።

ዊንዶውስ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የድራይቨሮች ጎተራ አለው። የሰማውን የአምራችና የምርት ቁጥር ይዞ መጀመሪያ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የተዘጋጀ ድራይቨር ይፈልጋል። ካጣ የሥራ መደቡን ተመልክቶ ለመደቡ ሁሉ የሚያገለግለውን ይመርጣል። ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ከማይክሮሶፍት ማከማቻ ሊያወርድ ይችላል። ሊኑክስም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ የመሣሪያውን ቁጥሮች ከዝርዝር ጋር አመሳክሮ የሚስማማውን ድራይቨር ራሱ ይጭናል።

ማውሱ ሠርቶ ፕሪንተሩ ለምን ይቆማል?

የአርሲ ገበሬ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ምሳሌ በማሳው ላይ አለው። ከትራክተር በስተኋላ ያለው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ልኩ የታወቀ በመሆኑ፣ ማረሻው የየትኛውም ፋብሪካ ምርት ቢሆን መጠኑ ከትራክተሩ ጋር እስከተስማማ ድረስ ይገጥማል። የአንድ ኮምባይነር የውስጥ መለዋወጫ ግን ለሌላ ሞዴል አይሆንም።

በዩኤስቢ ዓለምም የሥራ መደብ እንደ ማያያዣው ነው። ኪቦርድና ማውስ መደብ 3፣ ፍላሽና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መደብ 8 ናቸው። ለእነዚህ አንድ የጋራ ድራይቨር ስለሚበቃ ከየትም ቢገዙ ወዲያው ይሠራሉ። ፕሪንተርም መደብ 7 የሚል ቁጥር ቢኖረውም፣ ብዙዎቹ ፕሪንተሮች ገጹን የሚያነቡት አምራቹ ባወጣው የየራሱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የሞዴሉን ድራይቨር ይሻሉ። ሚዛንን ወይም የቆየ የመለኪያ መሣሪያን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኙ ማቀያየሪያ ገመዶችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ዙሪያ ጥምጥም ይገጥማል። ኢንተርኔት የሚያመጣው ዶንግል ራሱ ድራይቨር ቢፈልግ፣ ድራይቨሩ ያለ ኢንተርኔት ከየት ይወርዳል? አምራቾች ያገኙት መላ ብልኀት አለበት። ብዙ ዶንግሎች ሲሰኩ በመጀመሪያ «ሲዲ ነኝ» ይላሉ። ኮምፒዩተሩ ሲዲ ማንበብ ስለሚያውቅ በውስጡ ያለውን ድራይቨር ይጭናል። ከዚያ «አሁን ሞደም ሁን» ተብሎ ሲታዘዝ ዶንግሉ ማንነቱን ቀይሮ እንደ አዲስ ይቀርባል።

ስሙን ለውጦ የሚገባ እንግዳ

መሣሪያ ማንነቱን እንዲህ በቀላሉ መለወጥ ከቻለ ይህንኑ መንገድ ለክፋት የሚጠቀም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች ተራ የሚመስል ፍላሽ የውስጥ ፕሮግራሙ ሲቀየር «ኪቦርድ ነኝ» ሊል እንደሚችል አሳዩ። ኮምፒዩተሩ የኪቦርድ ድራይቨር ይጭንለታል፤ «ኪቦርዱም» ባለቤቱ የተየበው በሚመስል ሁኔታ ትእዛዝ ይጽፋል። የፍላሹን ፋይሎች የሚፈትሽ ጸረ ቫይረስ ይህን አያገኘውም፤ ክፋቱ ያለው ከፋይሎቹ ውጭ ነውና።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ገዢዎች ባላወቁት ጉዳይ ተጎዱ። ኤፍቲዲአይ የተባለ የቺፕ አምራች ቁጥሩን ሰርቀው የሚጠቀሙ አስመሳይ ቺፖች በየገመዱ ተሠራጭተውበት ነበር። በዊንዶውስ ማዘመኛ በኩል የወጣው አዲስ ድራይቨሩ አስመሳዮቹን ሲያገኝ የምርት ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ቀየረው። ስማቸውን ያጡት መሣሪያዎች ከዚያ በኋላ ሲሰኩ ድራይቨር የሚያገኝላቸው ጠፋ። ቁጣ ሲነሣ ድራይቨሩ ከማዘመኛው ወጣ። ትናንት ይሠራ የነበረ ርካሽ ገመድ ዛሬ በድንገት ሲቆም የገዢው ጥፋት ላይሆን እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የተሰወረው ፋይል ሌላ ጉዳይ ነው

ብዙ ሰው የሚያውቀው የፍላሽ ቫይረስ ከዚህ ይለያል። ድራይቨር መጫን መሣሪያውን ማስተዋወቅ ነው፤ በፍላሹ ውስጥ ያለን ፕሮግራም ማስነሣት ግን ሌላ ተግባር ነው። የቀድሞው ዊንዶውስ ሁለተኛውንም ያለ ፈቃድ ወይም በቀላሉ እንዲፈጸም ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የታየው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ ከተሠራጨባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ይህን በር ለፍላሽ ዘጋው፤ ለቀደሙት ዊንዶውሶችም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ማስተካከያ አሠራጨ።

በሩ ከተዘጋ ወዲህ የቫይረስ ሠሪዎች ሰውን ማታለል መረጡ። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮችን ያስቀምጣል። ባለቤቱ አቋራጩን ሲከፍት ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሣል። ፋይሎቹ ግን ብዙ ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል እንጂ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፍላሽ ሲያጋጥም ተቻኩሎ ፎርማት ማድረግ ከቫይረሱ የከፋ ጉዳት ያስከትላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ፕሪንተር ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ካለ፣ አስቀድሞ የተሰካበትን ቀዳዳ ይመልከቱ። መለያ ተከታታይ ቁጥር የሌለው መሣሪያ በሌላ ቀዳዳ ሲሰካ ዊንዶውስ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል። ያኔ በዝርዝሩ ላይ ያው ፕሪንተር በሁለት ስም ይታያል፤ የታዘዘው ሥራም በአሮጌው ስም ወረፋ ይዞ ይቀራል። ወደ ቀድሞው ቀዳዳ መመለስ ወይም አዲሱን ስም መምረጥ ቀጠሮውን ያስቀራል።

መሣሪያው ጨርሶ ካልታወቀ «ዲቫይስ ማኔጀር» በሚባለው ገጽ ላይ ቢጫ ምልክት ያለበትን ስም ይፈልጉ። በዝርዝር መረጃው ውስጥ የአምራቹና የምርቱ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው አራት አራት ሆሄ ሆነው ተጽፈዋል። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ መፈለግ፣ «ሁሉንም ድራይቨር እጭናለሁ» የሚል ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም ከማውረድ እጅግ ይሻላል። ድራይቨር ወደ ኮምፒዩተሩ እልፍኝ የሚገባ ፕሮግራም ነውና ከማያውቁት ሰው እጅ አይቀበሉት።

ከአዳማ ወይም ከአሰላ ፕሪንተር የሚገዛ ሰው ሱቁን ሳይለቅ በራሱ ላፕቶፕ አስሰክቶ ይሞክረው፤ ድራይቨሩንም በፍላሽ ይዞ ይመለስ። ኢንተርኔት በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትንሽ ጥንቃቄ የአንድ ሳምንት ሥራ ያድናል።

ወድቆ የተገኘ ፍላሽ «እስቲ ምን አለው» ተብሎ በማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ አይሰካ። የማኅበር መዝገብና ቃለ ጉባኤ በአንድ ፍላሽ ብቻ አይቀመጥ፤ ቢያንስ አንድ ሌላ ቅጂ ከዚያ ፍላሽ ተለይቶ ይኑር።

ሞባይልዎን በሰው ኮምፒዩተር ላይ ቻርጅ ሲያደርጉ ስልኩ ፋይል ለማስተላለፍ ፈቃድ ከጠየቀዎት ቻርጅ ማድረግን ብቻ ይምረጡ። ስልኩ እዚህ ላይ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። እንግዳውን በቃሉ ብቻ አምኖ ከማስገባት ይልቅ፣ አስቀድሞ የቤቱን ባለቤት ይጠይቃል።