ያውቁ ኖሯል? የቃጠሎ ሕመምን የሚያስታግስ የበረዶ ጨዋታ

በእሳት የተቃጠለ ሰው ከሁሉ የሚፈራው ቁስሉ የሚታጠብበትን ሰዓት ነው። ፋሻው ሲነሳና የሞተው ቆዳ ሲፋቅ፣ ሞርፊን የወሰደ ሕመምተኛ እንኳ ይጮኻል። በአሜሪካ፣ ሲያትል በሚገኘው የሃርበርቪው ቃጠሎ ማዕከል ተመራማሪዎቹ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቨርቹዋል ሪያሊቲን፣ ማለትም በልዩ መነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለምን፣ ለዚህ ሰዓት አዋሉት። ጨዋታቸው ስኖውወርልድ ይባላል። ታካሚው መነጽሩን ሲያጠልቅ ቁስሉንም ነርሷንም አያይም፤ በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ በፔንግዊኖች ላይ የበረዶ ኳስ ይወረውራል።

ይህ እንዴት ሕመም ይቀንሳል? ሕመም እንዲሰማን አእምሯችን ትኩረት ሊሰጠው ይገባል፤ ትኩረታችን ደግሞ ውስን ነው። ጨዋታው ሲሻማው ለሕመሙ የሚተርፈው ያንሳል። ተመራማሪዎቹ በ2004 በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት የኤምአርአይ ምርመራ፣ በጨዋታው ጊዜ ከሕመም ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴ ሲቀንስ በምስል ታይቷል። ጨዋታው ግን የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቱን አይተካም፤ ያግዘዋል።

በ2021 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም በቤት ውስጥ የሚያገለግል የቨርቹዋል ሪያሊቲ ሕክምና ፈቅዷል።

ዛሬ መነጽሩ በአንድ ጥሩ ስማርት ስልክ ዋጋ ይገኛል። የተቃጠሉ ሕፃናትን የምታክሙ የአገራችን ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ሞክሩት።