የብረታ ብረት ገጽ የካፌይንን ብርሃን የመምጠጥ ባሕርይ እንዴት ይለውጣል?

የካፋ ዞን አረቢካ ቡና በዱር ከሚበቅልባቸው የደን ምድሮች አንዱ ነው። በቦንጋ ዙሪያ እንደሚለቀመው ባለ ቡና ውስጥ ያለው የካፌይን መጠን ከሚለካባቸው ዘዴዎች አንዱ የአልትራቫዮሌት ስፔክትሮስኮፒ ነው። በውሃ የሟሟ ካፌይን በ273 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃንን አብልጦ ይመጥጣል፤ በቢር-ላምበርት ሕግ መሠረት የተመጠጠው ብርሃን የካፌይኑን መጠን ያሳያል። ሆኖም በቡናው ውስጥ ያለው ክሎሮጄኒክ አሲድም በተቀራራቢ የሞገድ ርዝመት ስለሚመጥጥ ካፌይኑን እንደ ዳይክሎሮሜቴን ባለ መርዛማ ፈሳሽ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ጥቂት ናሙናን በብረታ ብረት ገጽ ላይ አሳርፎ የመለካት ሐሳብ ማራኪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የገጹ ተጽዕኖ በሦስት መንገድ ይገለጣል። አንደኛው የመስክ መጎልበት ነው። በናኖ ቅንጣት ላይ ያሉ ነጻ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር በኅብረት ሲወዛወዙ በአቅራቢያቸው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይበረታል፤ ከገጹ ጥቂት ናኖሜትሮች ሲራቅ ግን በፍጥነት ይዳከማል። ሁለተኛው ኬሚካዊ ነው፤ ሞለኪውሉ ከብረቱ ጋር ሲቆራኝ ኤሌክትሮን ስለሚጋሩ የምጠጣው ጫፍ ቦታውን ይለውጣል፣ ይሰፋልም። ሦስተኛው አቀማመጥን ይመለከታል። ለኢንፍራሬድ ብርሃን ጠፍጣፋ የብረት ገጽ እንደ መስታወት ሆኖ የሞለኪውሉን ቻርጆች ተቃራኒ ምስል ይፈጥራል። ከገጹ ጋር ትይዩ የሆነ ንዝረት በምስሉ ይሰረዛል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ግን ይጠናከራል።

የብረቱ ምርጫም ወሳኝ ነው። በውሃ ውስጥ ያሉ አነስተኛ የወርቅ ቅንጣቶች በ520፣ የብር ቅንጣቶች ደግሞ በ400 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚያስተጋቡ ለካፌይን የ273 ናኖሜትር ጫፍ እምብዛም አይጠቅሙም፤ ለዚህ አሉሚኒየም የተሻለ ነው። ወርቅና ብር የሚረዱት በ6 ማይክሮሜትር አካባቢ ለሚታየው የካርቦንና የኦክስጅን ጥንድ ቁርኝት ንዝረት ነው። በስስ የብርና የወርቅ ንጣፎች አማካይነት የኢንፍራሬድ ምጠጣ እንደሚጎለብት ሃርትስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 አሳይተዋል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ድምዳሜ ይገኛል። የካፌይን ሞለኪውል ዝርግ ስለሆነ በገጹ ላይ ሲተኛ ይህ ንዝረት ደካማ፣ ሲቆም ብርቱ ሆኖ ይነበባል፤ መጠኑ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ በውሃ ውስጥ የተዘጋጀ የመለኪያ መስመር በብረት ገጽ ላይ ለተገኘ ንባብ አያገለግልም። መስመሩ በዚያው ገጽ ላይ፣ ከክሎሮጄኒክ አሲድ ጋር በተቀላቀለ ካፌይን እንደ አዲስ መዘጋጀት አለበት፤ አለዚያ የሁለት ቡናዎች ልዩነት ተደርጎ የሚዘገበው የሞለኪውሎች አቀማመጥ ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል።